ጋራው ላይ ያደረ ቀሚስ

ከዚህ በፊት ምንም ነገር ጽፌ አላውቅም። ውሸት እንዳይሆንብኝ፣ የደንበኛ ልክ እጽፋለሁ፤ ትከሻ፣ ደረት፣ ወገብ፣ ቁመት። ከዚያ ሌላ ግን፣ ከስድስተኛ ክፍል ካቋረጥኩ ወዲህ አንድ ሙሉ ዓረፍተ ነገር እንኳ ወረቀት ላይ ያሰፈርኩ አይመስለኝም። ይህን እንድጽፍ የገፋፋችኝ ግቢያችን ውስጥ ተከራይታ የምትኖረው መምህርት ናት። «ለእኔ እንደምታወሪልኝ አድርገሽ ጻፊው» አለችኝ። እሷ አታውቅም እንጂ ለእሷም የማወራላት ግማሹን ነው። ሌላውን ግማሽ ሳቄ ይበላዋል።

የምሠራው ጀጎል ውስጥ፣ መኪና ግርግር ነው። መንገዱ ስሙን ያገኘው ከስፌት መኪናዎቹ ጩኸት ነው፤ ሰፊዎቹ ግራና ቀኝ በየበራፉ ተደርድረው ይሰፋሉ። ደንበኛ ጨርቁን ገዝቶ ይመጣል፣ ልኩን ይሰጣል፣ ገበያውን ዞር ዞር ብሎ ሲመለስ ልብሱ ደርሶ ይጠብቀዋል። እኔ ግን በራፍ ላይ አልቀመጥም። ቦታዬ ከውስጥ፣ ከአለቃዬ ከሽማግሌው ሰፊ ጀርባ ነው። ዚፕ እቀይራለሁ፣ ጠርዝ እዘመዝማለሁ፣ ሱሪ አሳጥራለሁ። ሙሉ ልብስ የሚሰፋው በራፍ ላይ ያለ ሰው ነው። በራፍ ላይ ለመቀመጥ ደግሞ አላፊ አግዳሚውን «ነይ እህቴ፣ ግባ ወንድሜ» ማለት ያስፈልጋል። እኔ እሱን አልችልም። አንድ ቀን አለቃዬ ለሶላት ሲሄዱ በእሳቸው ቦታ አስቀመጡኝ። አንዲት ሴትዮ ጨርቅ ይዛ መጣችና «ትሰፊያለሽ?» አለችኝ።

«አዎ» አልኳት።

አልሰማችኝም። ጎረቤት ሄደች።

አለቃዬ ተመልሰው ነገሩን ከጎረቤት ሲሰሙ «አንቺ ልጅ» አሉኝ፣ «እጅሽ ማሻአላህ ነው። ድምፅሽ ግን የታለ? ቤት ረስተሽው ነው የመጣሽው?»

የምጽፍላችሁ የድንኳን ነገር የተጀመረው ከከተማው በላይ፣ ሐኪም ጋራ ላይ ካለው መናፈሻ ነው። ቅዳሜና እሁድ ከተማው ወደዚያ ይወጣል። ሙሽራ ፎቶ ይነሳል፣ ቤተሰብ ምንጣፍ አንጥፎ ይበላል፣ ጎረምሳው ዛፍ ሥር ተጋድሞ ይቅማል። ለሚያድሩ እንግዶችም ድንኳኖች ነበሩ፤ ግን የጋራው ንፋስ በአንድ ክረምት ተረተራቸው። መምህሯ ይህን ሰማች። እሷ ከጎጃም ተመድባ የመጣች፣ ጋራ ካየች እግሯን የሚበላት ሰው ናት። ሄዳ የመናፈሻው ኃላፊ ፊት ቆመችና «ሰፊ እኛ ግቢ አለችላችሁ!» አለቻቸው።

ኃላፊዋ ቀልድ የማያውቁ ሴት ናቸው። «አንድ ትስፋና ታምጣ» አሉ። «ራሷም ትደርበት። ድንኳኑ በደህና ካደረ የቀሩትን እሷ ትሰፋለች። ካልሆነ ከአዲስ አበባ እናስመጣለን።»

መምህሯ ይህን ስትነግረኝ እጄ ላይ የነበረው ሱሪ ወደቀ። «የቀሩትን» የሚለው ቃል ሌላ ቃል አላስሰማ አለኝ። ለመጀመሪያ ጊዜ የራሴ የሆነ ሥራ! ያውም ማንንም «ነይ እህቴ» ሳልል የሚመጣ። አለቃዬም ሲሰሙ «ሥራው ከመጣማ መኪናሽን በራፍ ላይ ማውጣት ነው፤ ድንኳን ቤት ውስጥ አይዘረጋም» አሉኝ። ፊታቸው ላይ ግን «እስኪ እናያለን» የሚል ነገር ነበር።

ድንኳን ሰፍቼ አላውቅም። የማውቀው ቀሚስ ነው። ስለዚህ ቀሚስ በሚሰፋበት መንገድ ጀመርኩ። ሜትሬን አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ የሚያድሩትን ሰዎች ልክ ወሰድኩ። የምናድረው ሦስት ነን፤ እኔ፣ መምህሯና ጎረቤታችን እትዬ። እትዬ የገቡበት እናቴ «ያለ ትልቅ ሰው ጋራ ላይ አታድሪም» ስላለች ነው። እትዬ ትልቅ ናቸው፤ በዕድሜም፣ በወገብም፣ በድምፅም። ክንዳቸውን ግራና ቀኝ ዘርግተው ቆሙልኝና «ከዳሌዬ ላይ እንዳታጠቢው፣ አደራ» አሉኝ።

«እትዬ፣ ድንኳን ዳሌ የለውም።»

«እኔ ስገባበት ይኖረዋል!»

የሦስታችንን ትከሻ ደመርኩ፣ ለስፌት ሁለት ሁለት ጣት ጨመርኩ፣ ቆረጥኩ። ልክ በልክ። ቆሞ የተለካ ሰው ሲተኛ እንደሚዘረጋ ማን ይንገረኝ?

ወለሉን ከጭነት መኪና ሸራ አደረግሁት፤ ላዩን ውሃ ከማያስገባ ናይለን። እባብ እንዳይገባ ወለሉንና ግድግዳውን ዙሪያውን ገጠምኩት። ስፌቱን እንደ ጂንስ ሱሪ አጥፌ በድርቡ ሰፋሁት። መርፌው የበሳው ቀዳዳ ውሃ እንዳያስገባ ደግሞ እናቴ ለቤተ ክርስቲያን ካስቀመጠችው ጧፍ አንዱን ለምኜ ሰሙን ስፌቱ ላይ አሸሁት። አለቃዬ አይተው «የክርስቲያን ጧፍ፣ የእስላም መኪና! ዝናቡ ከእንግዲህ በየት በኩል ሊገባ ነው?» ብለው ሳቁ። ከውስጥ ሁለት ኪስ አወጣሁለት። ጠርዙን ከቀሚስ በተረፈ ባለ አበባ ጨርቅ ከፈፍኩት። በመጨረሻ ዚፑ ቀረ። ዚፕ ደግሞ የእኔ ሥራ ነው፤ ዓይኔን ጨፍኜ እገጥመዋለሁ። ጨፍኜም ገጠምኩት።

ቅዳሜ ጠዋት ወጣን። እኔ ድንኳኑን ጠቅልዬ ተሸከምኩ፣ መምህሯ እንጨቶቹን፣ እትዬ ደግሞ ጃንጥላ፣ ፔርሙስ፣ የተቀቀለ ድንችና አንድ ትልቅ ትራስ። በመኪና ግርግር ስናልፍ ሰፊዎቹ መኪናቸውን አቆሙ።

«የማን ቀሚስ ነው እሱ?» አለ አንዱ። «የባቢሌ ዝሆን ልታገባ ነው እንዴ?»

«የእኔ ነው አቦ!» አሉ እትዬ። «ምን አገባህ? ምቀኛ!»

«ታዲያ ሠርጉ ላይ ጥሩኛ!»

«አንተን? ሥጋውን ልትጨርስ!»

መንገዱ በሙሉ ሳቀ። እኔ አንገቴን ድንኳኑ ውስጥ ቀብሬ አለፍኩ። ግን ልናገር፣ ከውስጥ እየሳቅሁ ነበር። በቡዳ በር ወጥተን ዳገቱን ስንጀምር መምህሯ እንደ ፍየል ወደ ላይ ተፈተለከች። እትዬ መንገድ ላይ ያገኙትን ሰው ሁሉ ሰላም ይላሉ፤ የሰውየውን እናት፣ የሰውየውን ላም፣ የሰውየውን ጉልበት ሕመም ይጠይቃሉ። ከዚያ ትራሳቸውን ድንጋይ ላይ አድርገው ይቀመጣሉ።

«እትዬ፣ ፀሐይ ሳይከር እንድረስ እንጂ!» ትላለች መምህሯ ከላይ።

«ጋራው የትም አይሄድም አንቺ! ጎጃም ጋራ የለም እንዴ? ምን ያስሮጥሻል?»

ወደ ላይ በወጣን ቁጥር ጀጎል ከታች እያነሰ ሄደ። ግንቡ፣ ነጫጭ ቤቶቹ፣ መስጊዶቹ አንድ ላይ ተጨምቀው ትሪ ላይ የቀረቡ መሰሉ። ቀኑን ሙሉ ከአለቃዬ ጀርባ የምቀመጥባትን ቦታ በዓይኔ ፈለግሁ፤ አጣኋት። ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ ይህ ራሱ አሳቀኝ። ነፋሱ ነጠላዬን ፊቴ ላይ ሲጥለው ሳቅሁ፤ የእትዬ ድንች ከእጃቸው አምልጦ ቁልቁል ሲንከባለል አሳድጄ ስይዘው ሳቅሁ። መምህሯ «ምን ሆነሻል ዛሬ?» አለችኝ። እኔም አላውቅም። ከከተማዋ ውጭ አድሬ አላውቅም ነበርኮ።

መናፈሻው በሰው ተሞልቷል። የመናፈሻው ጥበቃ፣ የድሮ ወታደር የነበሩ ሽማግሌ፣ ካስማውን በድንጋይ እየመቱ ተከሉልን። ጎንበስ ባሉ ቁጥር ስልካቸው ከደረት ኪሳቸው እየወደቀ ስላስቸገራቸው «ይችን የሆነ ቦታ ያዥልኝ» ብለው ሰጡኝ። እኔም በኩራት ድንኳኑ ኪስ ውስጥ አስቀመጥኳት። ድንኳኑ ሲቆም ሰው ከበበው። ባለ አበባ ጠርዙ ይርገበገባል። አንዲት ሙሽራ ሚዜዎቿን ትታ መጥታ አጠገቡ ፎቶ ተነሳች። እኔ ከዛፍ ኋላ ነበርኩ።

ወደ አመሻሹ ሰዉ እየቀለለ ሲሄድ፣ ሰማዩም ሲጠቁር ኃላፊዋ መጡ። ባርኔጣ አድርገዋል፣ ጥቁር ቆዳ ጫማቸው ያብለጨልጫል። ሰላም አሉንና «እስኪ» ብለው ጫማቸውን ደጃፍ ላይ አውልቀው ገቡ። ስፌቱን በጣታቸው እየተከተሉ ማየት ጀመሩ። እኛ ተከትለን ገባን። ያኔ ዝናቡ ወረደ። ማካፋት የለ፣ ማስጠንቀቂያ የለ፣ አንዴ ዷ!

ጥበቃው «ቁጭ በሉ ቁጭ በሉ! እኔ እዘጋላችኋለሁ!» ብለው ዚፑን ከላይ እስከ ታች ሳብ አድርገው ዘጉትና ወደ ቆርቆሮ ጎጇቸው ሮጡ።

ለሦስት ሰው ልክ በልክ በተሰፋ ድንኳን ውስጥ አራት ሆንን። የኃላፊዋ ባርኔጣ መምህሯ አፍንጫ ላይ ነው፤ የመምህሯ ክርን እኔ ጎን ውስጥ ነው፤ እትዬ ደግሞ ሁላችንም ላይ ናቸው። እኔ ግን ዓይኔ ጣሪያው ላይ ነበር። ዝናቡ ይደበድበዋል፣ ነፋሱ ይንጠዋል፤ አንድ ጠብታ አልገባም። ኃላፊዋም ቀና ብለው አዩ። እጃቸውን ስፌቱ ላይ አሳረፉ፣ መዳፋቸውን አዩት። ደረቅ። ልቤ ከዝናቡ በላይ ይጮህ ነበር።

ትንሽ ቆይተው «ጥሩ። እኔ መኪና እየጠበቀኝ ነው» አሉና ዚፑን በእጃቸው ፈለጉ። ወደ ላይ ዳሰሱ። ወደ ታች ዳሰሱ። ከዚያ ዞረው አዩኝ።

«መጎተቻው የታለ?»

ያን ጊዜ ገባኝ።

«ውጭ ነው» አልኩ።

«ምን? አልሰማሁሽም።»

«ውጭ ነው ትላለች» አለች መምህሯ።

«ከውስጥስ?»

እትዬ ናቸው የመለሱላቸው። «ከውስጥ ምን ይሠራል አቦ? ቀሚስሽን ከውስጥ ሆነሽ ዘግተሽ ታውቂያለሽ? ከኋላሽ የቆመ ሰው አይደል የሚዘጋልሽ?»

ኃላፊዋ ይህን ለማሰብ ጊዜ ወሰዱ። «እና እኛ» አሉ በመጨረሻ፣ «ቀሚስ ውስጥ ነን?»

«አዎ የኔ እመቤት። ቀሚስ ውስጥ ነን።»

መምህሯ ሳቋን ለመያዝ ከንፈሯን ነከሰች። ኃላፊዋ ግን አልሳቁም። ስልካቸውን አውጥተው ጥበቃው ዘንድ ደወሉ። ጠራ። ከጆሯችን ሥር ጠራ። ሁላችንም ቀስ ብለን ዞርን፤ የጥበቃው ስልክ እኔ በኩራት ባወጣሁት ኪስ ውስጥ እየበራ ይዘፍናል።

መምህሯ ፈነዳች። እትዬ ተከተሉ። እትዬ ሲስቁ ሆዳቸው ይነቃነቃል፣ ሆዳቸው ሲነቃነቅ እኛ እንነቃነቃለን፣ እኛ ስንነቃነቅ ድንኳኑ ይነቃነቃል። እኔ ብቻ ነኝ ያልሳቅሁት። የቀሩት ድንኳኖች አንድ በአንድ ከዓይኔ ፊት ተጠቅልለው ወደ አዲስ አበባ ሲሄዱ እያየሁ ነበር።

«በቃ ይተርተር» አሉ ኃላፊዋ። «ይቅርታ ልጄ፣ ቆራጥ መሆን አለብን።» ከጥጉ ላይ ስፌቱን በሁለት እጃቸው ይዘው ሳቡ። አልተተረተረም። ባርኔጣቸውን አውልቀው እንደገና ሳቡ። መምህሯ አገዘቻቸው። አልሆነም።

«ዞር በሉ እስኪ» አሉ እትዬ። አንድ እግራቸውን እንጨቱ ላይ፣ ሁለት እጃቸውን ስፌቱ ላይ አድርገው «በስመ አብ!» ብለው ጎተቱ። የእትዬ ቀሚስ ብብቱ ላይ ተቀደደ። ድንኳኑ ክር አልበጠሰም።

ኃላፊዋ የተቀደደውን የእትዬን ብብት አዩ፤ ያልተቀደደውን ስፌት አዩ፤ እኔን አዩ። ከዚያ ከደረታቸው ውስጥ አንድ ነገር ወጣ። መጀመሪያ ሳል መስሎኝ ነበር። ሳቅ ነው! እኚያ ቀልድ የማያውቁ ሴት ባርኔጣቸውን ፊታቸው ላይ አድርገው፣ እንባቸው እየወረደ ሳቁ። «ጥበ...» ይላሉ፣ «ጥበቃ...» ይላሉ፣ ለመጣራት አፋቸውን ሲከፍቱ የሚወጣው ሳቅ ብቻ ነው። መምህሯም ሞከረች፤ «ጋ...» ብላ እትዬ ላይ ተደፋች። እትዬማ ድሮ አልቆላቸዋል፤ «ልሽናብሽ ነው አንቺ ልጅ! ጥሪው!» እያሉ ጉልበቴን ይመቱኛል።

ኃላፊዋ እጃቸውን ትከሻዬ ላይ ጣሉ። «አንቺ ነሽ ያልሳቅሽው» አሉኝ ትንፋሽ እያጠራቸው። «አንቺ ጥሪያቸው።»

እኔ? ዝናቡ ሸራውን ይደበድባል፣ ጥበቃው ያሉበት ቆርቆሮ እንደ ከበሮ ይጮሃል። እኔ በራፍ ላይ ተቀምጬ «አዎ» ማለት ያቃተኝ ልጅ ነኝ። ግን እትዬ በእውነት ሊሸኑ ነበር፤ ያውም በእኔ ድንኳን ላይ! ዓይኔን ጨፈንኩ። አፌን ከፈትኩ።

«ጋሼ! ኧረ ጋሼ! ኑ ዚፑን ክፈቱልን!»

ድምፁ ከየት እንደመጣ አላውቅም። ድንኳኑ ውስጥ ያሉት ሳቃቸውን አቆሙ። ከመናፈሻው ማዶ ውሻ ጮኸ። መምህሯ ዛሬም ጀጎል ድረስ ተሰምቷል ትላለች። እንደገና ጠራሁ፤ ልንገራችሁ፣ ሁለተኛው ያስፈለገ አይመስለኝም፣ ጥሞኝ ነው የጮህኩት። ጥበቃው ዝናቡን እየሰነጠቁ መጡ። «ምን ሆናችሁ? ጅብ ገባ?» እያሉ ዚፑን ሳቡት። እትዬ በእሳቸው ላይ ተረማምደው ወጡ።

ኃላፊዋ ጫማቸውን ሲያነሱ ውሃ ሞልቶት ነበር። ደፉት፣ አደረጉት፣ ጭቅ ጭቅ እያሉ ወረዱ። ስለ ድንኳኑ አንድ ቃል ሳይናገሩ።

ሦስታችን ተጣብቀን አደርን። አንዳችን መገልበጥ ስንፈልግ ሁላችንም መገልበጥ ነበረብን፤ እትዬ «ዙሩ!» ሲሉ እንደ ወታደር እንዞራለን። ዚፑን አጋምሰን ዘግተን የቀረውን ከአንገትጌዬ በማልለያት መርፌ ቁልፍ ያዝኩት። አንዴ ከደጅ የሆነ ነገር ሲያሸት ሰማን። መምህሯ እጄን ጨምቃ ያዘችኝ።

«ጅብ ነው?»

«ጅብ ነው» አሉ እትዬ እያዛጉ። ከዚያ ወደ ደጅ «አንተ፣ ሰው ተኝቷል፣ ሂድ ወዲያ!» አሉት። ሄደ መሰለኝ። እኔ ግን የማስበው ጅቡን አልነበረም። ዚፑን ነበር።

ጠዋት ዝናቡ ቆሟል። የሶላት ጥሪውና የቤተ ክርስቲያኑ ደወል ከታች ተከታትለው ወጡ። ከተማዋ ጭጋግ ለብሳለች። ወለሉን ከጥግ እስከ ጥግ ዳሰስኩት፤ ደረቅ ነው። እንጨቶቹ ቆመዋል። እትዬ ድንች እየላጡ «ቆንጆ ቀሚስ ነው፤ አንገቱ ብቻ ነው የጠበበው» አሉኝ፤ ያን ጊዜ ሌሊቱን ሙሉ የያዝኩት ሳቅ ለቀቀኝ። ሳር ላይ ተጋድሜ ሳቅሁ።

እየሳቅሁ ሳለ ኃላፊዋ በነጠላ ጫማ ደረሱ። ብድግ ብዬ ልብሴን አራገፍኩ። ድንኳኑን አንድ ጊዜ ዞሩት። ትናንት የጎተቱትን ጥግ ጎንበስ ብለው አዩት፣ በእጃቸው መዘኑት፣ ተዉት። ከዚያ ፊቴ መጥተው ቆሙ።

«መጎተቻው ከውስጥም ይሁን» አሉ። «ልክ ስትወስጂ ደግሞ ሰዎቹን አስተኝተሽ ለኪ። የቀሩትን ትሰፊያለሽ?»

«አዎ» አልኩ።

እጃቸውን ጆሯቸው ላይ አደረጉ።

«አልሰማሁሽም። እንደ ማታው አድርገሽ በይው።»